አባቴ «የተፈጥሮ ነው» ያሉ ዕለት

ጎንደር ከተማ የነበረኝን ሥራ ትቼ አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣ በላስቲክ ጥላ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊ የሆንሁት ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ፊት ለፊት «ምነው፣ ከተማው ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። ዞር ስል ደግሞ ባሏ ጥሏት ነው ይላሉ። ባል ኖሮኝ አያውቅም፤ ያላገባኝ ሰው እንዴት እንደሚጥለኝ እነሱ ይወቁት። እዚህ ያመጣኝ አንድ ቃል ነው። ቃሉን የተናገሩት አባቴ ናቸው፣ የተናገሩትም በቅን ልቦና ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ያኔ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ እተይብ ነበር። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቤት ኪራይ ውል፤ የመጣውን ሁሉ። ደመወዙ ቀጭን ቢሆንም ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እኔም ከተሜ ሆኛለሁ ብዬ ትንሽ ቀብረር ማለት ጀምሬ ነበር።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። አባቴ፣ አገሬው አያ ታደገ የሚላቸው፣ በልጅነታቸው እስከ ቅኔ ቤት የዘለቁ፣ ድቁና ተቀብለው ኋላ ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት እኔ ሳልወለድ ድንጋይ ብቻ ነበር ይባላል። አባቴ ቀሳውስቱን አስፈቅደው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የጥድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኝ እየወሰዱ ተከሉበት። እናቴ በጋ በጋውን ከወንዝ በእንስራ ውሃ እያዘለች አጠጣችው። ባሕር ዛፍ ቢተክሉ ቶሎ ደርሶላቸው በሸጡት ነበር። የሐበሻ ጥድ ግን የተከለው ሰው ካልሸመገለ ምሰሶ አይሆንም። ጎረቤት ሁሉ ሲስቅባቸው ኖሮ፣ እኔ ለትምህርት ጎንደር ስገባ ዳገቱ ደን ሆኖ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ይርጋ መሬት ሲደለደል ሕፃን ስለነበር ድርሻ አልደረሰውም። የአባቴ እርሻ ለሁለት ቢከፈል ለበሬ ማዞሪያ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ደኑ የይርጋ እንዲሆን ገና ድሮ ተነግሯል። የደረሰውን ዛፍ እየመረጠ ይቆርጣል፣ በቆረጠው ፋንታ ይተክላል፣ በዚያ ይኖራል። በዚያ ዓመት ደግሞ ከድብ ባሕር በኩል ልጅ ታጭታለት ነበር። የልጅቷ አባት ብዙ አልጠየቁም። ልጄ የምትገባበት ቤት ቆሞ ልየው ብቻ አሉ። የቤቱ እንጨት እንግዲህ ከደኑ ሊወጣ ነው። ሰኞ ደቦ ተጠርቷል፤ እኔም አሠሪዬን አስፈቅጄ ለማገዝ ወጣሁ። ስደርስ ይርጋ የሚቆርጣቸውን ዛፎች መርጦ፣ በፋንታቸው ለሚተክላቸው ችግኞች ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርሶ አገኘሁት። ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ይርጋ ሚስማርና የበር ማጠፊያ ሊገዛ ገበያ ወረደ። እኔና እናቴ ለደቦው ጠላ ድፍድፉን ስንበጠብጥ ሦስት እንግዶች መጡ። አንዱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። አንዱ ቀለምና ብሩሽ የያዘ ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው ሰሎሞን የሚባል የወረዳ የደን ባለሙያ ነበር፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። በአካባቢው ያለውን ደን ሁሉ እየዞሩ ሊመዘግቡ ነው የመጡት። አባቴ በደስታ ተቀበሏቸው። ደናቸውን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ለእሳቸው የሥጋ ዘመድ ነው። ምርኩዛቸውን አንስተው ከፊት ከፊት እየመሩ ዳገቱን ወጡ፤ እኛ ምሳ ለማድረስ ወደ ጓዳ ገባን።

ከደኑ ሲመለሱ የአባቴ ፊት በርቶ ነበር። ሊቀ መንበሩና ባለሙያው በልተው፣ አመስግነው፣ ቸኩለናል ብለው ተነሡ። አባቴ እስከ አጥሩ ሸኟቸው፣ መረቋቸውም።

«ሸጋ ልጆች ናቸው» አሉ ተመልሰው ሲቀመጡ። «እንዲህ ያለ ደን በወረዳው አላየንም አሉኝ። ከእንግዲህ መንግሥት ራሱ ይጠብቅልዎታል አሉኝ።»

እናቴ ከምድጃው ቀና አለች። «ከማን ነው የሚጠብቀው?»

«ከቆራጭ ነዋ።»

እናቴና እኔ ተያየን።  ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ዳገቱ ወጣሁ።

በደኑ ዳርና ዳር የቆመው ዛፍ ሁሉ በወገቡ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሠራተኛው የመጨረሻውን ወይራ እየቀባ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከዛሬ ጀምሮ ጥብቅ ደን ነው አለኝ፤ እንኳን መቁረጥ ደረቅ ጭራሮ መልቀምም ክልክል ነው። የተተከለ የግል ደን መሆኑን ነገርሁት። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነከር አድርጎ ዞር ብሎ አየኝ።

«እኔ ቀቢ ነኝ፣ እህቴ» አለ። «ሽማግሌው ራሳቸው የተፈጥሮ ነው ብለዋል።»

እየሮጥሁ ወረድሁ። አባቴን ምን እንደጠየቋቸው፣ ምን እንደመለሱ አንድ በአንድ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። እሳቸውም ያለ አንዳች ጥርጣሬ ነገሩኝ። ባለሙያው ደኑ መሐል ቆሞ «አያ ታደገ፣ ይህ ደን ሰው ያለማው ነው ወይስ የተፈጥሮ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔም የተፈጥሮ ነዋ አልሁት» አሉ አባቴ። «ፈጣሪ ያልፈጠረው ዛፍ የት አየህ፣ ልጄ? አልሁት። ሳቀና ጻፈ።»

የእኛን አገር ሰው የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። በእኛ ዘንድ አዝመራህ እንዴት ነው የተባለ ገበሬ እግዜር ሰጠኝ ይላል እንጂ አበቀልሁ አይልም። አበቀልሁ ያለ እንደሆነ በዓመቱ በረዶ ይወርድበታል ብሎ የሚፈራ ነው። አባቴ ደግሞ በዚህ ላይ የቅኔ ቤት ጆሮ አላቸው። ፈጠረ ካልህ ፈጣሪ አለ፣ ፍጥረት አለ፣ ተፈጥሮ አለ፤ ቃሉ ለእሳቸው ከሥሩ ነው የሚሰማቸው። በቢሮ ቋንቋ ግን የተፈጥሮ ደን ማለት ማንም ሳይተክለው በራሱ የበቀለ፣ ስለዚህም የማንም ያልሆነ፣ ምሳር የማይነካው ደን ነው። ሰው ያለማው ከተባለ ለባለቤቱ ማረጋገጫ ይሰጠዋል፤ እያስፈቀደም ይቆርጣል። አባቴ ፈጣሪያቸውን ያመሰገኑ መስሏቸው የልጃቸውን ኑሮ አስረከቡ።

ይርጋ አመሻሽ ላይ ማጠፊያውን በፌስታል አንጠልጥሎ እያፏጨ ገባ። የነገርሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳቀ፤ የማሾፍ መሰለው። ቀጥሎ ወጥቶ ደኑን አይቶ ተመለሰና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አባቴን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ተናግሯቸው ቢሆን ይሻል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና ይርጋ ሊቀ መንበሩ ቤት ሄድን። እሱም ለሰሎሞን ስልክ ደወለና ሰጠኝ። ልጁ ከልቡ አዘነ። ደኑ የተተከለ መሆኑን ባውቅ እንዲያ አልጽፍም ነበር፣ ነገር ግን ባለቤቱ በአፋቸው ሲናገሩ ምን ላድርግ አለኝ። ሰኞ የቀበሌው ኮሚቴ ተሰብስቦ ምዝገባውን ያጸድቃል። ከዚያ በፊት ምስክር ካቀረባችሁ፣ አባታችሁም የሰጡትን ቃል በመሐላ ካስተካከሉ ይታረማል። ወረዳ ከገባ በኋላ ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው አለ።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ስናስረዳ ዋልን። እኔ የቢሮውን ትርጉም፣ ይርጋ የቤቱን ጉዳይ፣ እናቴ ደግሞ የተሸከመችውን ውሃ እያነሣን።

«እኔ ጥድ ፈጠርሁ ልበል ነው የምትሉኝ?» አሉ።

«አይ፣ አባዬ። ተከልሁ ይበሉ። እነሱ ተፈጥሮ ሲሉ ሳይተከል የበቀለ ማለታቸው ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ቃሉን አበላሽተውታል።»

«አዎ፣ አበላሽተውታል። ግን የሚጽፉት በተበላሸው ነው።»

በመጨረሻ መትከሉንስ ተክያለሁ፣ ይህን ማለት ምን ያቅተኛል አሉ። ይርጋ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ያን ምሽት ሁላችንም ተስፋ አድርገን ተኛን።

ሰኞ ለደቦ የመጣው ሰው ምሳሩን ቤታችን አስቀምጦ ከእኛ ጋር ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወረደ። ኮሚቴው ደጅ አግዳሚ አውጥቶ ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ መሐል፣ ሰሎሞን በቀኙ፣ መሐላ ለማስፈጸም የተጠሩት የደብራችን ቄስ በግራው። ለአባቴም መቀመጫ ሰጧቸው።

ምስክሮቹ ሲናገሩ ነፍሴ መለስ አለች። ጎረቤታችን አያ መኩሪያ ታደገ ችግኝ ተሸክሞ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ስቄበታለሁም ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ሌላው ሽማግሌ ዳገቱ ራቁቱን ሳለ ፍየል ያሰማሩበት እንደነበር መሰከሩ። ቄሱም ራሳቸው ችግኙ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደወጣ ተናገሩ። ሰሎሞን እየጻፈ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ይርጋ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። አለቀ ማለቱ ነበር።

የቀረው የአባቴ መሐላ ነው። ተነሡ፤ ቄሱ መስቀሉን ዘረጉላቸው፤ እሳቸውም ተሳልመው ጨበጡት። ሊቀ መንበሩ ከፊቱ ካለው ወረቀት እያነበበ በሉ አላቸው፦ ይህን ደን ያለማሁት እኔ ነኝ፤ የተፈጥሮ አይደለም።

«ተክዬዋለሁ» አሉ አባቴ። «ኮትኩቼዋለሁ። አጥሬዋለሁ።»

«የተፈጥሮ አይደለም ይበሉ።»

አባቴ መስቀሉን አዩት። 

«እኔ የተከልሁት ችግኝ ብዙው ደርቋል» አሉ ቆይተው። «የጸደቀውን ያጸደቀው እሱ ነው። የእሱ አይደለም ብዬ በመስቀሉ አልምልም።»

ሰሎሞን በግማሽ ተነሣ። ተክያለሁ ማለታቸው ይበቃል ብሎ ለሊቀ መንበሩ ተናገረ። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። ቃሉ የተላከልን እንዲህ ሆኖ ነው፣ እኔ አንዲት ቃል ብለውጥ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለ። ቄሱም ወደ አባቴ ጠጋ ብለው፣ አያ ታደገ፣ ይህ እኮ የቢሮ ቃል ነው፣ ከሃይማኖት አያገናኙት አሏቸው።

«በቢሮ ቃል የሚማል ከሆነ» አሉ አባቴ፣ «መስቀሉን ለምን አመጡት?»

 ይህን ጊዜ ነው እናቴ ከሴቶቹ መሐል የወጣችው። በሰው ፊት አባቴን ቀና ብላ የማታናግር ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ፊታቸው ቆመች።

«አንቱ ሰውዬ» አለች፣ «ውሃውን ያመላለስሁት እኔ ነኝ። ወገቤ እንዲህ የጎበጠው በዚያ ዳገት ነው። ፈጣሪ እንስራ ሲያዝል አላየሁም።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያስቅ ነገር ስለሆነ ነው የሳቀ። አባቴ ግን ሳቁን በፈጣሪ ላይ እንደተሳቀ ቆጠሩት። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። መስቀሉን ተሳልመው ለቄሱ መለሱ፣ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ሳቡ፣ ይቅር ይበላት አሉ። ከዚያ ሰውን ሁሉ ትተው ይርጋን ብቻ አዩት።

«ምን እንደማስቀርብህ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉት። «ሳላውቅ ነው እንዳትል።»

ወደ ሊቀ መንበሩም ዞረው «የተፈጥሮ ነው። ጻፈው» አሉ።

ሰሎሞን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የጻፈው ሊቀ መንበሩ ነው።

ወደ ቤት ተመለስን። የደቦው ሰዎች ምሳራቸውን እየፈለጉ አንስተው፣ የጠመቅነውን ጠላ ሳይቀምሱ፣ አይዟችሁ እያሉ ሄዱ። እናቴ በተናገረችው ተጸጽታ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን በእሷ አልፈረድሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአባቴ ተናድጄ ነበር፤ ደሜ እስኪፈላ ተናድጄ ነበር። የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ ከልጅ የሚበልጥ ቃል የለም ብዬ አስብ ነበር። በዚያው ደቂቃ ደግሞ እንደዚያ ቀን አክብሬያቸው አላውቅም። ሁለቱ ስሜት በአንድ ሆድ እንዴት እንደሚያድር ያኔ ነው ያየሁት።

ይርጋ የቆፈራቸውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ደፈነ። ከብት እንዳይሰበርባቸው ነው አለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ልብሱን በማዳበሪያ ቋጥሮ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ቆላ ለመውረድ ተነሣ። አባቴ ደጅ ቆመው መረቁት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ተመረቀ። መኪና እስኪያገኝ መንገድ ዳር አብሬው ቆምሁ። ቤት ስትሠራ ትመለሳለህ አልሁት፤ እሱም በምን እንጨት አለኝ። የልጅቷ አባት አንድ ክረምት ጠብቀው ለሌላ ዳሯት። ይርጋ ይደውላል፤ ወባ ይዞኝ ነበር፣ ተሻለኝ ይላል። እመጣለሁ አይልም።

እኔ ጎንደር ተመልሼ መተየቤን ልቀጥል ሞከርሁ። አልሆነልኝም። «የተፈጥሮ» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር ጣቴ ይቆማል። በመጨረሻም ተውሁትና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። አሁን ቢሮ ጉዳይ ያለው ገበሬ መጀመሪያ እኔ ጋ ይቀመጣል። ምን ሊሉህ እንደሚችሉ፣ ያሉህ ቃል በእነሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ፣ አንተ ስትመልስ እነሱ ምን እንደሚሰሙ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ አማርኛ ለአማራ ታስተምሪያለሽ ወይ ይለኛል። አዎ፣ እላለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ የደን ጠላት አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ በመኪና የሄደ ሰው ተራራው ምን ያህል እንደተራቆተ ያውቃል። ከልካይ ባይኖር የቀረውም በአንድ ትውልድ ከሰል ይሆን ነበር። ሕጉ መልካም ነው፣ ሰሎሞንም መልካም ልጅ ነው፣ የአባቴም ዛፎች ዛሬ ቆመዋል፤ እንዲያውም ወፍረዋል። እንግዳ ሲመጣ የወረዳው ሰዎች ወስደው ያሳዩታል አሉ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደኑን ያቆመው ሰው በደኑ ሲቀጣ ያየ ጎረቤት ከዚያ በኋላ ምን ይተክላል? በቀበሌያችን መልሱ ከሩቅ ይታያል። በየአጥሩ ሥር የቆመው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አባቴ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ወደ ዳገቱ ወጥተው አያውቁም፤ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የድንች ማሳ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ወፍ የጥድ ፍሬ በልታ የጣለችው ዘር በድንቹ መሐል እዚህም እዚያም በቅሏል፤ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም። ድሮ እንዲህ ያለውን ሲያገኙ በእሾህ ያጥሩለት ነበር። አሁን አንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ከነሥሩ መዘዙት፣ ከአረሙ ጋር ወደ መንገዱ ወረወሩት፤ ቀጥለውም ሌላውን ያዙ።

«አባዬ፣ ጥድ እኮ ነው» አልኋቸው።

«አያለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ካደገ ይህንንም ይወስዱታል። ይርጋ ሲመጣ የሚዘራበት ይኑረው።»